የመንገዱ ማዶ ሴናተር

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ልጅ መጣች። የምኖረው ከልጄ ከሳባ ጋር ነው፤ ላስ ቬጋስ አጠገብ ሄንደርሰን፣ ኢንስፒራዳ የሚባለው አዲሱ ሰፈር። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ በእግሬ ወጣ ብዬ ስመለስ የእኛን የምለየው በር ላይ ባስቀመጥኩት አሮጌ ወንበር ነው። ልጅቷ ኮፍያ አድርጋ፣ ስልኳን ይዛ፣ ላቧ በጉንጯ እየወረደ በየቤቱ ታንኳኳለች። እኛ በር ስትደርስ አየችኝና ቆም አለች።

«አባባ፣ ሀበሻ ነህ?»

«ነኝ። አንቺስ?»

«እኔም! ሊያ እባላለሁ። ለስቴት ሴኔት የሚወዳደር ሰው አለ፣ ለእሱ ቮለንቲር እያደረግኩ ነው። አንተ ቮት ታደርጋለህ?»

አንተ ስትለኝ አልተቀየምኩም። እርስዎ ማለትን ያላስተማርናቸው እኛው ነን።

«መጀመሪያ ውሃ ጠጪ» አልኳት፤ አመጣሁላትና ቆማ ጨለጠችው። «አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መስመሩ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?»

«ዋት? የምን መስመር?»

«የሰውየሽ መስመር ነዋ! ከየት እስከ የት ነው የእሱ ግዛት?»

ሳቀች። «ሰው ሁሉ ስለ ሬንት ነው፣ ስለ ስኩል ነው የሚጠይቀኝ። ስለ ዲስትሪክት መስመር የጠየቀኝ ሰው የለም። ለምንድን ነው?»

ለምን እንደሆነ ባጭሩ ነገርኳት፤ ብዙ ቤት ይቀራታልና ላስቆማት አልፈለግኩም። ከሄደች በኋላ ግን ሁሉንም አስታወስኩት። እንደ ነበረው ልጻፈው ብዬ ብዕር አነሣሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ፊደል ብስት ሳባ ታርመዋለች እንዳልል እሷ ጭራሽ አማርኛ አታነብም። ስለዚህ እንዳለ ተቀበሉኝ።

ነገሩ ከሆነ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ያኔ እኔ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ከሱዳን ካምፕ ወጥቼ ላስ ቬጋስ ከገባሁ ጥቂት ዓመት ሆኖኛል፤ ካዚኖ ወጥ ቤት ውስጥ ሰሃን አጥባለሁ። የምንኖረው አሁን ቻይናታውን ከሚባለው ብዙም ሳይርቅ፣ ግድግዳው በወረቀት የተሠራ ከሚመስል አፓርታማ ነበር። አንዱ ሲያነጥስ ሌላው ከጎረቤት ይማርህ ይላል። አሁን በዚያ በኩል ብትሄዱ የተጠበሰ ዳክዬ በመስታወት የተሰቀለበት ምግብ ቤት በምግብ ቤት ላይ ነው። ያኔ አሸዋ ነበር። አሸዋ፣ የተጣለ ፍራሽ፣ ከዚያ ደግሞ ያ የበረሃ ቁጥቋጦ። ዝናብ በስንት ጊዜ አንዴ ጣል ሲያደርግ ቁጥቋጦው የሚሸተውን ሽታ ብዙ ሰው አይወደውም። እኔ እወደዋለሁ፤ ሲሸተኝ በሩን እከፍታለሁ።

ከአፓርታማው ፊት ለፊት ሰፊ መንገድ አለ። ስፋቱን እንዲህ ልንገራችሁ፣ ከወዲህ ቆማችሁ ከወዲያ ያለውን ሰው ወንድ ይሁን ሴት ትለያላችሁ እንጂ ማን እንደሆነ አትለዩም። ወደ ሥራ የሚወስደን አውቶቡስ የሚቆመው ማዶ ነው። የእግረኛ መብራት ያለው በጣም ራቅ ብሎ ሲሆን እዚያ ድረስ ሄዶ ተሻግሮ መመለስ አውቶቡሱን ያስመልጣል። አውቶቡስ አመለጠ ማለት ሺፍት አመለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ሁላችንም ግራ ቀኝ አይተን እንሮጣለን።

በዚያ አፓርታማ ለእኛ ለወንደላጤዎቹ እናትና አባት የሆኑን ጋሼ ጌታነህና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ነበሩ። ጋሼ ጌታነህ የአንድ ሱቅ መኪና ማቆሚያ ይጠርጋሉ፤ እትዬ ዘነበች ሆቴል ክፍል ያጸዳሉ። እሁድ እሁድ ሁላችንንም ሰብስበው ፓስታ በቀይ ወጥ ያበሉናል። ያንን ፓስታ የመሰለ ነገር ከዚያ ወዲህ በልቼ አላውቅም፤ ሳባ ብትሞክርም አልሆነላትም።

አንድ የጸደይ ጠዋት እትዬ ዘነበች እንደ ልማዳቸው ሮጠው ሊጨርሱ ሲሉ፣ ፌርማታው አጠገብ ያለችው የመጨረሻዋ የመኪና ረድፍ ላይ መኪና ገጫቸው። ነጂው አልሸሸም። ወርዶ አጠገባቸው ተንበርክኮ እያለቀሰ እጃቸውን ያዘ። እኔ ስደርስ እሳቸው ናቸው እሱን የሚያጽናኑት፤ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አይዞህ» ይሉታል በአማርኛ። እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰብሮ ነበር።

በዚህ አገር በጋ አጋማሽ፣ ሐምሌ ላይ፣ አጥንቱ ገጠመ፤ ግን ጠመም ብሎ ነው የገጠመው። በዱላ መራመድ ቻሉ፤ መሮጥ ግን ቀረ። ሆቴሉ ደግሞ ቦታቸውን የሚጠብቀው እስከ መስከረም ነው አለ። ለሁለቱም የሆስፒታል ኢንሹራንስ የሚመጣው በእትዬ ዘነበች ሥራ ነበር። የጋሼ ሥራ እንኳን ኢንሹራንስ ጓንትም አይሰጥ። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፦ ከመስከረም በፊት እዚያ ቦታ ላይ የእግረኛ መብራት ካልተተከለ እትዬ ዘነበች ወይ ሥራውን ይተዋሉ ወይ ያንን መንገድ በዚያ እግር ያቋርጣሉ።

ጋሼ ጌታነህ አንድ ቀን ጠሩንና «አገር ያለ ባለቤት አይኖርም» አሉ። «የዚህን አገር ባለቤት ፈልገን አቤት እንላለን።» እሳቸው በወጣትነታቸው የተወሰደ የአባታቸውን መሬት ያስመለሱት መንገድ ዳር ቆመው፣ ንጉሡ ሲያልፉ አቤት ብለው ጮኸው ነው። መኪናው ቆመላቸው። ይህንን ስንት ጊዜ እንዳጫወቱን አልነግራችሁም።

ባለቤቱን ለማግኘት ሩቅ አልሄድንም። ፌርማታው ጎን አሸዋው ላይ የአንድ ሰው ፎቶ ያለበት ትልቅ ሰሌዳ ከምርጫ ጊዜ ጀምሮ እንደተተከለ ነው። በመካከላችን እንግሊዝኛ የሚያውቀው መስፍን አነበበው፤ ሴናተር ይላል። የዋሽንግተኑ አይደለም፣ የዚሁ የኔቫዳ። ፎቶው የቆመበት አገር የእሱ ነው ብለን ሁላችንም ተስማማን። እኛ የምናውቀው እንደዚያ ነዋ፤ ሰው ምስሉን በሰው ግዛት አይተክልም።

መስፍን አጣርቶ መጣና «ሰውየው ምንጣፍ ይሸጣል» አለ።

«ሴናተሩ?» አሉ ጋሼ።

«አዎ። እዚህ ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ ነው፣ ያውም ላይ ሰሜን ካርሰን ሲቲ። በቀረው ጊዜ ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው።»

«መኳንንት ምንጣፍ ይረግጣል እንጂ ይሸጣል? አንተ ልጅ ደህና አንብበሃል?»

«ጋሼ፣ ስልክ ደውዬ ቀጠሮ ልያዝላችሁ?»

«አቤት በስልክ ይባላል እንዴ! ሲወጣ ጠብቀን ፊት ለፊት ነው። ለመሆኑ አቤት በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

መስፍን አሰበና «ኤክስኪዩዝ ሚ መሰለኝ» አለ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እሁድ ቀን፣ ነጭ እንደለበስን ወደ ምንጣፍ ሱቁ ሄድን። እትዬ ዘነበችም ዱላቸውን ይዘው። ሱቁ ትልቅ ነው፤ ፊቱ መኪና ማቆሚያ። ጋሼ ወደ ውስጥ መግባት ነውር ነው ብለው ከለከሉን። በሩ ፊት ለፊት በረድፍ አቆሙን፤ ነጠላችንን ወገባችን ላይ አስታጥቀው፣ አደግድገን፣ አንገታችንን ደፋ አድርገን። ነሐሴ ነበር። የላስ ቬጋስን ነሐሴ የማያውቅ ካለ ምድጃ ከፍቶ ፊቱን ያስገባ። አስፋልቱ ከጫማዬ ሥር ሲቀልጥ ይሰማኛል።

ትንሽ እንደቆየን መኪኖች ጡሩምባ ይነፉልን ጀመር። አንዱ በመስኮት እጁን ጨብጦ አውጥቶ «በርቱ!» ብሎ አለፈ። ሊገቡ የነበሩ ባልና ሚስት አዩንና ተመልሰው ሄዱ። በኋላ አንድ የሱቁ ሠራተኛ ፊቱ ቀልቶ ወጣ።

«እናንተ ከየትኛው ዩኒየን ናችሁ?»

በዚህ ከተማ ሱቅ ፊት በረድፍ የቆመ ሰው የዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ አድማ መቺ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። መስፍን «ዩኒየን አይደለንም፣ ኢትዮጵያውያን ነን» አለው። ልጁ ይህን ሰምቶ የባሰ ግራ ተጋባና ገባ። ወዲያው ሴናተሩ ራሱ ወጣ። አጭር ነው፣ ወፈር ያለ፣ ሸሚዙ ኪስ ላይ የመለኪያ ሜትር የሰካ። ጋሼ ጌታነህ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄዱና ግንባራቸው ጉልበታቸውን እስኪነካ እጅ ነሥተው፣ ባላቸው ድምፅ «አቤት!» አሉ። ሰውየው ወደ ኋላ ዘለለ።

«ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ሰር» አለ መስፍን።

እውነቱን ልናገር፤ ሰውየው ክፉ አልነበረም። አድማ አለመሆናችንን ሲያውቅ ተነፈሰና አስገባን፤ በተጠቀለለ ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ ቀዝቃዛ ውሃ አጠጣን። አዲስ ምንጣፍ የሚሸተው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። መስፍን እያስተረጎመ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማ። እትዬ ዘነበች ቀሚሳቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው እግራቸውን ሲያሳዩት ዓይኑን ሰበረ። «መብራት ያስፈልጋል» አለ፤ «ትክክል ናችሁ። የት ነው የምትኖሩት?»

ነገርነው። ካርታ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና በጣቱ እየተከተለ ሄዶ እዚያ መንገድ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«የእኔ ዲስትሪክት እዚህ ያበቃል። መስመሩ የመንገዱ መሐል ነው። እናንተ ከወዲያ ናችሁ። የእኔ ሰዎች አይደላችሁም።»

ጋሼ አላመኑም። «ፌርማታውስ የማን ነው?» አሉ።

«ፌርማታው የእኔ ነው።»

«የተገጨችበትስ?»

ሰውየው ካርታውን ዝቅ ብሎ አየ። «በእኔ በኩል ነው።»

«እንግዲያው ደሟ የፈሰሰው በእርስዎ ግዛት ነው፤ ንገረው መስፍን።»

መስፍን ነገረው። ሰውየው ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ይስብ ይለቅ ጀመር። ቆይቶ «በእኔ በኩል ያለው አሸዋ ነው» አለ። «አሸዋ ቮት አያደርግም። ለአሸዋ መብራት ትከሉልኝ ብል ይስቁብኛል፤ ለሌላ ሰው ዲስትሪክት ብለምን ደግሞ በቤትህ ተቀመጥ ይሉኛል። ወደ ሴናተራችሁ ሂዱ።» የሴናተራችንን ስም ነገረን። ልንወጣ ስንል ሮጦ መጣና ለእትዬ ዘነበች አንዲት ትንሽ ምንጣፍ በስጦታ ሰጣቸው።

ቤት ስንደርስ እትዬ ዘነበች ምንጣፏን በር ላይ ዘረጉና «ስለ እግሬ ብለምን የእግር መጥረጊያ ሰጡኝ» አሉ። ሳቅን። ጋሼ ግን ያቺን ምንጣፍ አንድ ቀን አልረገጧትም። ዘለው ነበር የሚገቡት።

ሁለተኛዋ ሴናተር አስተማሪ ነበረች። ይህችኛዋን መስፍን በስልክ ደወለላት፤ አቤት ማለቱ ቀረ። ራሷ አፓርታማችን ድረስ መጣች፤ ከእኛ ጋር ፓስታ በላች፤ በርበሬው አስለቀሳት፤ መንገዱን ወጥታ አየችው። መኪኖቹ እንዴት እንደሚበርሩ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደስ አለን። ከዚያ ቁጭ አለችና ያለውን ነገር ሳትደብቅ ነገረችን። ምክር ቤቱ ከገና በኋላ ነው የሚሰበሰበው። ከዚያ በፊት ለመንገድ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ትናገራለች፣ ግን ፌርማታው በእሷ በኩል አይደለም። ደግሞ ሕዝብ ስለተቆጠረ መስመሩ ሁሉ እንደገና ይሰመራል፤ እኛ የማን እንደምንሆን እሷም አታውቅም።

«እኛንም ቆጥረውናል እንዴ?» አሉ ጋሼ።

«በሚገባ። ሁላችሁም ተቆጥራችኋል።»

«መምረጥስ?»

ማናችንም ገና ዜጋ አልሆንንም። መስፍን ሳይተረጉመው ገባት። «የምወክለው የመረጠኝን ብቻ አይደለም» አለች። ከልቧ ነው ያለችው፤ ፊቷን አይቻለሁ። ሰው ከልቡ እያለልህ ምንም ሳይሆንልህ እንደሚቀር ያን ቀን ነው የገባኝ።

መስከረም ጠባ። መብራቱ የለም። እትዬ ዘነበች ዩኒፎርማቸውን ለበሱና ዱላቸውን ያዙ። እኛ ወንደላጤዎቹ ምን እናድርግ? አንድ ነጠላ ግራና ቀኝ ይዘን፣ እንደ መጋረጃ ዘርግተን ከፊታቸው መንገዱ ውስጥ ገባን። እሳቸው ከኋላ ቀስ እያሉ ይከተላሉ። መኪናው ሁሉ ቆመ! ነጂዎቹ ምን ዓይነት ሃይማኖት ነው ብለው ሳይሆን አይቀርም። በየቀኑ እንዲህ አደረግን፤ ሺፍት የሌለው ይይዛል፣ ሺፍት ያለው አብሮ ይሻገራል። እትዬ ዘነበች «ሙሽራ አደረጋችሁኝ እኮ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ከዚያ ፖሊስ መጣ። እሱም ደግ ነበር፤ የዚህ ታሪክ መከራው ሁሉም ደግ መሆኑ ነው። መኪና ማስቆም አትችሉም፣ በሚቀጥለው እከሳችኋለሁ፣ ደግሞ አንዱ ነጂ ካላያችሁ ሁላችሁንም ይዟችሁ ይሄዳል አለን። ወደ መብራቱ ሂዱ ብሎ በጣቱ አመለከተ። እትዬ ዘነበች ወደዚያ አዩ። ሩቅ ነው። በማግስቱ ነጠላውን ይዘን በራቸው ላይ ስንቆም ዩኒፎርሙን አልለበሱም።

«ግቡ ልጆቼ፣ ሻይ ጠጡ» አሉ። «እኔ አንድ ጊዜ ተገጭቻለሁ፤ እናንተን እዚያ መሐል ማየት አልችልም።»

ሥራው እንዲያ ቀረ። ኢንሹራንሱም።

ከገና በኋላ አስተማሪዋ ደወለች። ተናግራለች፤ ይጠናል ብለዋታል። ግን አዲሱ መስመር ወጥቶ የእኛን ሰፈር ለሌላ፣ ለሦስተኛ ሰው ሰጥቶታል። «ከእንግዲህ የእኔ አይደላችሁም፤ ይቅርታ» አለች። መስፍን ሲተረጉም ጋሼ ጌታነህ ወንበራቸው ላይ ሳይንቀሳቀሱ ሰሙ።

«እኛ ከቤታችን ሳንነሣ?» አሉ።

«ሳንነሣ፣ ጋሼ።»

«ንጉሥ እንኳ መኪናውን ያቆማል» አሉ። ሦስተኛው ሰው ጋ እንሂድ ብዬ እኔ ብዙ ወተወትኩ፤ ግትር ነኝ፣ ያኔም ግትር ነበርኩ። አልተነሡም። በጸደዩ ወደ ዴንቨር፣ የእትዬ ዘነበች እህት ወዳለችበት ሄዱ። ምንጣፏን በር ላይ ትተዋት ነው የሄዱት። አሁን ሁለቱም የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ይህንን ነው ለሊያ ባጭሩ የነገርኳት። ያ መንገድ የት እንደሆነ ጠየቀችኝና ስልኳ ላይ ያለውን ካርታ በጣቶቿ ሰፋ አደረገችው። አየች።

«አባባ… አሁንም መስመሩ እዚያ መንገድ ላይ ነው።»

«አውቄዋለሁ» አልኳት። አላወቅኩም ነበር።

«እና ቮት አታደርግም ማለት ነው?»

«ዜጋ ከሆንኩ ጀምሮ አንድም አላለፈኝም። ለሰውየሽም አደርግ ይሆናል፤ አያለሁ።»

«ለምን? ማለቴ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ?»

ብርጭቆውን ተቀብዬ ወደሚቀጥለው ቤት ሸኘኋት። ቮት የማደርገው የሚሰማኝ አገኛለሁ ብዬ አይደለም፤ አላደረገም እንዳይሉኝ ነው መሰለኝ።

በማግስቱ ሳባ ቻይናታውን ኑድል ልትበላ ስትሄድ አብሬ ሄድኩ። ስንመለስ በዚያ በኩል ንጂ አልኳት። አፓርታማው ፈርሷል። አሸዋው የለም፤ ማዶው ሁሉ ሱቅ ሆኗል። የእግረኛ መብራት ቆሟል። ሱቆቹ ሲመጡ ነው የመጣው ይላሉ፤ እኛ ሁላችን ከሄድን ስንት ጊዜ በኋላ። ሳባን ፓርክ አድርጊ አልኳትና ወረድኩ። ቁልፉን ተጫንኩ። መሣሪያው «ጠብቅ፣ ጠብቅ» እያለ ይናገራል በእንግሊዝኛ። ጠበቅኩ። ከዚያ ከወዲህም ከወዲያም፣ የአንዱ ሴናተር ግዛትም የሌላውም መኪና፣ ለእኔ ለአንድ ሽማግሌ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ዳድ! የት ነው የምትሄደው?» ትላለች ሳባ ከኋላ።

የምሄድበት አልነበረኝም። ግን መኪናው ሁሉ ቆሞ እያየኝ ገባሁ። መሐሉ ላይ ስደርስ መብራቱ ቁጥር መቁጠር ጀመረ፤ እግሬ ደግሞ እንደ ድሮው አይሮጥም። ማዶ ደረስኩ። ፌርማታው ድሮ የነበረበት ነው፤ ጥላ ብቻ ሠርተውለታል፤ የሆቴል ዩኒፎርም የለበሰች ሴትዮ ተቀምጣ አውቶቡስ ትጠብቃለች። ሰላም አልኳት። ከዚያ ዞሬ ለመመለስ እንደገና ቁልፉን ተጫንኩ።